አሥራ አንድ ወር የቆየ መርዶ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም። አሰላ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ የየሰዉን ሥራ ከነገርኩ ይበቃል።

አንደኛው እኔ ነኝ፤ በሙያዬ የኮምባይነር ጠጋኝ፣ በሰፈራችን ደግሞ የእድር ዳኛ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው፤ ሞተር ፈትቶ መግጠምም ማንም አላስተማረኝም። ሁለተኛው የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ ቀልደኛ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ቀብር የሚሄድ ሰው። ሦስተኛው ሐጂው ናቸው፤ በሰፈራችን ያለ እሳቸው የበረደ ጠብ የለም። አራተኛዋ ወተት ሸጣ ሁለት ልጅ ያሳደገች እናት ናት፤ ባሏ የልብ ጓደኛዬ ነበር፣ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አምስተኛዋ የእኔ ሦስተኛ ልጅ ናት፤ ችግረኛ ቤተሰቦችን በሚረዳ አንድ ድርጅት ውስጥ በአማካሪነት ተቀጥራ ትሠራለች። ስድስተኛው የዚያች እናት ወንድ ልጅ ነው። በየመን በኩል ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ሄደ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ስለ ልጄ ሥራ መጀመሪያ የነበረኝን አስተያየት ሳልደብቅ ልጻፍ። ሳይኮሎጂ ልማር ነው ስትለኝ ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም። መሐንዲስ ትሆናለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ተመርቃ መጥታ ሥራ ስትይዝ በሰው ፊት «የወሬ መሐንዲስ» እላት ነበር። «ሰው ሲያለቅስ እያየሽ ደመወዝ ትበያለሽ» ብያታለሁ። አንድም ቀን አልመለሰችልኝም። ዝም ስትል የረታኋት ይመስለኝ ነበር። አባቶች፣ ልጃችሁ ዝም ሲላችሁ ረታን አትበሉ።

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው። አንድ ቀን ሐጂው ከዙህር ሶላት በኋላ ላኩብኝ። ጸሐፊው ሱቅ ስደርስ በሩን ገርበብ አድርገውታል፤ ከስፌት መኪናው ጀርባ አንድ ከሲታ ወጣት አጎንብሶ ተቀምጧል። የአቦምሳ ከተማ ልጅ ነው። ከወተት ሻጯ ልጅ ጋር አብረው ነበር የሄዱት። ባሕሩን በደህና ተሻገሩ፤ የመን ከገቡ በኋላ ጓደኛው መንገድ ላይ ታመመ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። የቀበረው ይኸው ወጣት ነው፤ አሸዋውን በእጁ ቆፍሮ፣ በራሱ ሽርጥ ከፍኖ። ከዚያ እሱም ተይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

«ለእናቱ ልነግር በሯ ድረስ ሄጄ ነበር» አለ። «ወተት የምገዛ መስሏት ጣሳውን ይዛ ወጣች። አቃተኝ።»

«ደግ አደረግህ» አሉት ሐጂው። «ይህ ላንተ የሚሆን ሸክም አይደለም። ለእኛ አስረክበህ ሂድ።»

ወጣቱ ሲወጣ ሦስታችን ቀረን። በእኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም። ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ይኬዳል። ሰው በቁሙ እንዳይሰበር ነው። ይህን ልማድ ዛሬም አከብራለሁ። ችግሩ የሴት ልጇ ሰርግ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ድንኳኑ ተከራይቷል፣ ሰንጋው ተገዝቷል፣ ከጮሌ ወረዳ ዘመዶች ተጠርተዋል። ሐጂው ጢማቸውን ይዘው ቆዩ፤ ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። «ሰርጉ ይለፍ» አልኩ። ሁለቱም ተነፈሱ።

ሰርጉ አለፈ። እናቲቱ በቢጫ ሻሽ እልል ስትል፣ እኔ ሥጋውን በላሁ። ለልጇ የሙሽሪትን ፎቶ በስልክ ስትልክ አየኋት። «ኔትወርክ የለውም መሰለኝ፣ አልደረሰውም» አለችኝ። «ይደርሰዋል» አልኳት።

ከዚያ ረመዳን ገባ። ለጾመኛ በረመዳን መርዶ እንዴት ይነገራል? ኢድ ሲወጣ ሙሽራዋ መፀነሷ ተሰማ፤ ጽንሱ እንዳይጨነግፍ ይጽና ተባለ። ክረምት ሲመጣ መንገዱ ጨቀየ፣ የጮሌ አጎቶች ሊመጡ አልቻሉም፣ ያለ አጎት ደግሞ መርዶ የለም። ጥቅምት ላይ ልጅቱ ወለደች። አራስ ቤት ውስጥ ለቅሶ አይገባም። አርባ ቀኗ ሳይሞላ አጨዳ ደረሰ፤ እኔም ለኮምባይነር ጥገና ዴራ ወርጄ ከረምኩ። አንድ በአንድ ብታዩት ከምክንያቶቹ ውስጥ ክፉ የሚባል አታገኙም። እኔ ግን በእጄ ነው ያየሁት፤ ጥሩ ጥሩ ብሎን ሁሉ ያለ ቦታው ሲገጠም ሞተር ይሰብራል።

እናቲቱ በዚህ መሀል እየጠፋች ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ ተዋት። ቀጥሎ የግቢዋን በር መዝጋት ተወች። ከዚያ ከአዳማ የሚመጣው አውቶቡስ በሚገባበት ሰዓት መናኸሪያ እየሄደች መቆም ጀመረች። የወተት ደንበኞቿ ጣሳቸውን ይዘው ተመለሱ። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ በሽታ አላገኙባትም። እዚያ ያለች ነርስ ወደ ልጄ ድርጅት ላከቻት።

ይህን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ሐምሌ ላይ የድርጅቱን ጀነሬተር ልጠግን ሄጄ፣ ከምክር ክፍሉ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገናኘን። ማታ እራት ላይ ልጄን ጠየቅኳት።

«ያቺ እናት እናንተ ጋ ምን ትሠራለች?»

«አባባ፣ እዚያ የሚባለው እዚያ ነው የሚቀረው።»

«እኔ አባትሽ ነኝ!»

«ለዚያ ነው ወጡን የማቀርብልዎት» አለችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። ባለቤቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ተቆጣሁ። ውስጤ ግን የተንቀሳቀሰው ፍርሃት ነበር። ልጄ የማታውቀውን በሽታ ስታክም፣ መድኃኒቱ በእኔ ኪስ ነው። ያኔ ብነግራት ኖሮ አምስት ወር ይተርፍ ነበር። አልነገርኳትም። ይህን የምጽፈው ይቅር እንድባል አይደለም፤ እንዲታወቅ ነው።

ድርጅቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ የየሰፈሩን የእድር መሪዎች እየጠራ ያመካክራል። በሐዘን፣ በጠብ፣ በሱስ የተጎዳ ቤት ሲያጋጥመን ምን እናድርግ የሚል ነው። እኛን የሚያስተምሩ እንኳ አይመስሉም፤ «እናንተ የምታውቁትን ንገሩን፣ እኛም የምናውቀውን እንነግራችኋለን» ነው የሚሉት። የመጀመሪያ ቀን ስንሄድ መድረኩን የያዘችው የእኔው ልጅ ናት።

ጸሐፊው እጁን አወጣ። «ልጄ፣ እኛ ቀባሪዎች ነን። እናንተ ሰው እንዳይሞት ካደረጋችሁ የእኛ ገበያ ሊበላሽ ነው።»

«ያኔ መዋጮው ይቀንሳል» አለች።

«እንግዲያ ተስማማን!» ሁሉም ሳቀ።

ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነን እንድንቀመጥ አደረገችን። አንዱ የከበደውን ነገር ይናገራል፤ ሌላው ሦስት ደቂቃ ያህል ምክር ሳይሰጥ፣ ሳያጽናና፣ ሳይመርቅ ያዳምጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ በልቤ የሕፃን ጨዋታ ነው አልኩ። የደረሰኝ አንድ ጡረተኛ ስለ እግሩ ሕመም ገና ሁለት ቃል እንደተናገረ «ጨው ተው» አልኩት። ሐጂው በወዲያ በኩል ለአንዱ ዱዓ ጀምረውለታል። ጸሐፊው የፊት ለፊቱን ሰው ትከሻ በዓይኑ ይለካል። ሃያ ሁለት ሽማግሌ ነበርን፤ ዕድሜያችን ቢደመር ከሺህ ዓመት በላይ ነው። ከመካከላችን ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ የሰማ አንድም አልነበረም።

«ሽማግሌ ሆነን ምክር ካልሰጠን ምን ልንሠራ ነው ታዲያ?» አሉ ሐጂው።

«ሐጂ፣ ምክር ይስጡ፤ መጀመሪያ ግን የተጠየቁትን ይወቁ» አለቻቸው፣ ዝግ ብላ፣ እንደ ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ሐጂው ወደ እኔ ዞረው «ይህቺን አንተ ነህ የወለድካት?» አሉኝ። ስድብ ይሁን ምርቃት እስካሁን አላወቅኩም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው ነገሩ የዞረው። ወተት ሻጯ ቤቴ መጣች። ከበሩ አላለፈችም።

«ኦቦ፣ ልጅዎ የምታምኚውን አንድ ሰው ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ ብላኛለች። እርስዎን መርጫለሁ።»

ሥራ አለብኝ ልል አሰብኩ። «ስንት ሰዓት ነው?» አልኩ።

ክፍሉ ትንሽ ናት። ሦስት ወንበር፣ አንድ የሶፍት ካርቶን፣ ከመስኮቱ ባሻገር ባሕር ዛፍ። ልጄ ስገባ አባባ አላለችኝም፤ «እንኳን ደህና መጡ» አለችና መቀመጫ አሳየችኝ። እሷም ተቀመጠች። ወረቀት አልያዘችም። ወሬው በኦሮምኛ ነው፤ እኔ እንደገባኝ ነው የምጽፈው።

እናቲቱ ዝም አለች። ልጄም ዝም አለች። እኔ ዝምታን የማውቀው ሁለት ዓይነት ነው፤ የተቆጣ ሰው ዝምታና የፈራ ሰው ዝምታ። ይህ ከሁለቱም አልነበረም። ልጄ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ለዚያች ሴት ሰጥታ ተቀምጣለች። ሰዓት አላየችም። አልተወዛወዘችም። በደንብ የተስተካከለ ሞተር ጆሮ ካልሰጡት አይሰማም፤ ኃይሉ ግን ሁሉን ያነሣል። ልጄ እንዲያ ነበረች። አርባ ዓመት ብረት ስደበድብ ያልደረስኩበት ትዕግሥት ሃያ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ላይ አየሁ። ኮፍያዬን አወለቅኩ። ለምን እንዳወለቅኩ አላውቅም፤ እጄ ነው ያደረገው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቲቱ ተናገረች።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር አለ። ልጄ የሄደ ሰሞን መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ‹ልጅሽ ደወለ?› ይለኝ ነበር። ይሰለቸኝ ነበር። ከሰርጉ ወዲህ ግን ማንም አይጠይቀኝም።»

ልጄ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

«ሐጂው አይጠይቁኝም። ልብስ ሰፊው ሲያየኝ መርፌ ይፈልጋል። እኚህ ኦቦ የባለቤቴ ጓደኛ ናቸው፤ ልጄን አዝለውታል።» ወደ እኔ ዞረች። «ኦቦ፣ ስለ ልጄ ለምን አይጠይቁኝም?»

ልጄ ታድነኛለች ብዬ አየኋት። አላዳነችኝም። ዓይኗን ከእናቲቱ ላይ አላነሣችም።

«ሥራ… ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኩ።

ስልሳ ሁለት ዓመት ኖሬ እንደዚያ ያለ ርካሽ ውሸት አልዋሸሁም። እናቲቱ «እሺ ኦቦ» አለች፣ የሚያሳዝን ሰው እንደምታይ ሁሉ። ያን ቀን ያሳዘንኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ጸሐፊው ሱቅ ሄድኩ፤ ሐጂውንም አስጠራኋቸው። «አውቃለች» አልኩ። «ማወቋን ብቻ ነው ያልነገርናት።» ሐጂው ወዲያው ለነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ እንሂድ አሉ። ጸሐፊውም ተስማማ፤ ግን ጨመረ፦ «ወሬው ትናንት ደረሰን እንበላት። ምን ይጎዳል? ሞቱ ያው ሞት ነው።»

ሐጂው አልተቃወሙም። እኔም እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ማንም ሳይጠየቅ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ነገር ግን ያ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ያልኩት ቃል አፌ ውስጥ ገና አልሟሟም ነበር። «እንደ እድር ድርጅቱ ጋ ሄደን እንመካከር» አልኩ። «ሐሙስ ሐሙስ የምንሄደው ለሻይ ነው እንዴ?»

በማግስቱ ሦስታችን ልጄ ፊት ተቀመጥን። እኔ ተናገርኩ። የአቦምሳውን ልጅ፣ ጥርን፣ ሰርጉን፣ ረመዳኑን፣ ጽንሱን፣ ክረምቱን፣ አራሷን፣ አጨዳውን። እየተናገርኩ ሳለ እያንዳንዱ ምክንያት በአፌ ውስጥ ያንስ ነበር። ስጨርስ ልጄ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች፤ ጀርባዋን ሰጠችን። ትከሻዋ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ወረደ። ዞራ ስትመጣ ፊቷ እንደ ወትሮው ነው።

«የማናግራችሁ የእድር ሽማግሌ ብዬ ነው» አለች፤ ወደ እኔ ዞራም «እርስዎንም ጭምር። እዚያ ክፍል ስለተባለው አልናገርም። ስለ እናንተ ግን እላለሁ። ሰው ሳይሰበር ቀስ ብሎ ይስማ ማለታችሁ ትልቅ ጥበብ ነው፤ እኛም ከእናንተ ነው የምንማረው። መርዶውን ንገሩ፤ ከእነ ልማዱ፣ ጎህ ሲቀድ። ወሬው የደረሰበትን ቀን ግን አብራችሁ ንገሩ።»

«ልጄ» አለ ጸሐፊው፣ ድምፁ ተለውጧል፤ «እድሩ ይፈርሳል። ማን ያምነናል?»

«እሱ የእናንተ ፍርሃት ነው፤ ትክክለኛም ፍርሃት ነው። እሷ ግን አሥራ አንድ ወር ሙሉ አእምሮዋ እንደተቃወሰ ሰው ስትታይ ከርማለች፤ ይህን ሰፈሩም ያውቃል። ትናንት ሰማን ካላችኋት፣ የተሰማት ነገር ሁሉ እብደት ነበር ማለት ነው። ከጥር ጀምሮ ካላችኋት ጤነኛ ነበረች ማለት ነው። የትኛውን ልትሰጧት ነው የምትሄዱት?»

ሐጂው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እኔ የልጄን ፊት እያየሁ፣ ይህን ነገር ከየት አመጣችው እል ነበር። ከመጽሐፍ ብቻ አይመጣም። ከእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ልንወጣ ስንል ለብቻዬ አስቀረችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ እሷን ለባልደረባዬ አስረክባለሁ» አለች። «አባቴ የነገሩ ባለቤት ሆኖ እኔ አማካሪዋ መሆን አልችልም።» ስድስት ወር የሠራችውን ሥራ ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ብዬ ጠራሁት።

በሦስተኛው ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሄድን። የጮሌ አጎቶች ሌሊቱን ደርሰዋል፤ ሴቶች ከኋላ አሉ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። በሩ ክፍት ነው። ገና ሳናንኳኳ ወጣች፤ ለብሳለች፣ ሻሿን አስራለች።

«ዛሬ መጣችሁ?» አለች።

ልማዱ ሐጂው እንዲጀምሩ ነው፤ ሐጂው ግን በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። እኔ ተናገርኩ። «ልጅሽ የመን ላይ ሞቷል። ጓደኛው ቀብሮታል፣ ከፍኖታል። እኛ የሰማነው በጥር ነው።»

«በየትኛው ጥር?»

«በሰርጉ ጥር።»

«ከሰርጉ በፊት ነው በኋላ?»

«አሥር ቀን በፊት።»

አጎቶቹ ወደ እኛ ዞሩ፤ ወሬው በጥር መድረሱን እነሱም አያውቁም ነበር። እሷ ሐጂውን አየቻቸው። «ሐጂ፣ የልጄን ኒካህ ሲያስሩ ያውቁ ነበር?» ሐጂው አዎ አሉ። ጸሐፊውን አየችው፤ አቀረቀረ። እኔን ስታየኝ ዓይኔን አልሸሸሁም፤ የቻልኩት ያንን ብቻ ነው። ትጮኻለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ትወድቃለች ብዬ እጆቼን አዘጋጅቻለሁ። አልወደቀችም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፣ ውኃ ውስጥ ቆይታ እንደወጣች ሰው።

«አላበድኩም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ ሴቶቹ «ግቡ» አለች። ለእኛ ደግሞ «እናንተ ደጅ ቆዩ።»

ልቅሶው ከውስጥ ሲፈነዳ እኛ ደጅ ነበርን። ሦስት ቀን ድንኳን ተክለን፣ ውኃ ቀድተን፣ ወንበር ደርድረን አገለገልን። አንድ ቃል እንኳ አላናገረችንም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የእድሩ ቤት ደጃፍ ላይ ሴቶች ቆመው አገኘን። ከሠላሳ ይበልጣሉ። በእጃቸው ሲንቄ ይዘዋል፤ የአርሲ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ሴት ስትበደል ሴቶቹ ያንን ይዘው ይወጣሉ፤ ዕርቅ ሳይወርድ ቤታቸው አይገቡም፤ ወንድ ያንን በትር ጥሶ አያልፍም። በልጅነቴ ገጠር አይቻለሁ። በከተማ፣ በአስፋልት ዳር፣ ባጃጆች ቆመው መንገድ ሲለቁላቸው ግን አላየሁም ነበር። ከመካከላቸው ክርስቲያኖችም ነበሩ። ባለቤቴም ነበረች። ሲንቄ የላትም፤ ባዶ እጇን ቆማ ቀጥ ብላ እያየችኝ ነው።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት፣ ቀስ ብዬ።

«አሥራ አንድ ወር አጠገቤ ተኝተህ አልነገርከኝም» አለች፣ ቀስ ሳትል።

አንዲት አሮጊት ወደፊት ወጡ። ድምፃቸው ትንሽ ነው፤ ግን መኪናው ሁሉ ሞተሩን ያጠፋ እስኪመስለኝ ተሰማኝ። «ልጇን የወሰደው አላህ ነው፤ ስለ ልጁ አንጠይቃችሁም። ሐዘኗን የወሰዳችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ሐዘኗን መልሱ።»

ሦስታችን ባንድነት ተንበረከክን፤ ማን እንደጀመረ አላውቅም። ልጄ ከመንገዱ ማዶ፣ ከባልደረባዋ ጋር ቆማ ታያለች። ዓይኗ ሞልቷል፤ የምታየው ግን እኔን አልነበረም፤ ሴቶቹን ነው። እኔ እሷ ክፍል ውስጥ ኮፍያዬን ያወለቅኩበት ዓይነት መገረም ፊቷ ላይ አየሁ።

ወተት ሻጯ ከመካከል ወጣች። በልማዱ መሠረት ጊደር እንድንሰጥ ተወሰነ። እሷ የጨመረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከእንግዲህ መርዶ ከሦስት ቀን በላይ አይደር። ጻፉት።» ጸሐፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ኪሱ ከተተና የእድሩን መተዳደሪያ አውጥቶ እዚያው፣ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈው።

ይቅር አለችን ወይ? ጊደሯን ተቀብላለች። ሲንቄው ወርዷል። ሰላምታ ትሰጠኛለች። ከዚያ በላይ መጠየቅ የእኔ መብት አይደለም፤ የበደለ ሰው ይቅርታን እንደ ዕዳ መጠበቅ የለበትም። እንቅልፍ ግን ተመልሶላታል፤ በሯንም መዝጋት ጀምራለች። መናኸሪያ አትቆምም። ከልጄ ባልደረባ ጋር እስከ መጋቢት ስትገናኝ ቆየች።

አሁን ነገሩ ለእያንዳንዳችን ስንት እንደፈጀ ልናገርና ላብቃ። ጊደሯ አርባ ሁለት ሺህ ብር ወጣባት፤ ለሦስት ተካፈልን። እኔ ዳኝነቴን አስረከብኩ፤ ማንም አታስረክብ አላለኝም። ሐጂው በዚያ ሰፈር ሽምግልና መቀመጥ ትተዋል። ጸሐፊው ዘጠኝ አባላት ከመዝገቡ ላይ እንዲሰርዛቸው ጠይቀውት ሰርዟል። ልጄ ከሁሉ በላይ የደከመችበትን ሰው ለሌላ አስረክባለች። ሙሽራዋ የሰርጓን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳዋለች።

የእናቲቱን እኔ አልገመትኩም፤ ራሷ ቆጥራ ነግራኛለች። ለሞተ ልጅ ምሕረት የሚለመንበት የዓርብ ጁምዓ ሁሉ፣ እሷ በደህና መልስልኝ እያለች ዱዓ ያደረገችበት ነው። አርባ ሰባት ጁምዓ።